አሥራ አንድ ሰከንድ

አይናለም ትዕዛዙን ሰጥታ ነጠላዋን ሳታስተካክል ኮምፒውተሩ ጨረሰ። ሠላሳ ስድስት ቴስት፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አልፈዋል፣ በአሥራ አንድ ሰከንድ።

ደስ አላላትም። እነዚህ ቴስቶች ክላውድ በሚሉት የውጭ አገር ኪራይ ኮምፒውተር ላይ እውነተኛ ሰርቨር ያቆማሉ፣ ይመረምራሉ፣ መልሰው ያፈርሳሉ። ቢፈጥኑ ቢፈጥኑ ሃምሳ ደቂቃ ይወስዳሉ።

ፋይሉን ከፈተችው። በየቴስቱ አናት ላይ አንዲት መስመር ገብታለች፤ ትርጉሟ «ሳትመረምር አልፏል በል» ነው። ቀኑ ቅዳሜ። ያስገባው ሰው ስም አይናለም።

ቅዳሜ እሷ ለአባቷ አርባ አገር ቤት፣ ገበዝ ማርያም ነበረች። ፓስዎርዷን የሚያውቅ ሌላ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብሯት የሠራው፣ ይህችን የቡሬ ክፍል አብሯት የተከራየው ወንዳወቅ።

እሱም ትኩስ ዳቦ ይዞ ገባ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ደንበኞቹ ፕሮግራማችንን ተቀበሉት። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ ያስጀምሩታል።»

«ቅዳሜ ምን ሠራህ?»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ማን ነገረሽ?»

«ኮምፒውተሩ። እሱ ይሉኝታ የለውም።»

«ስድስቱ ቀሉብኝ፣ ወደቁ። ምን ላርግ? የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘግቷል፣ አንቺ ገበዝ ማርያም…»

«ስልክ ይጠራል።»

«በአባትሽ አርባ? በሐዘን ላይ ሐዘን ልጨምርብሽ? ሳምንት አሳልፌ ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር።»

«በኔ ስም?»

«የኔን መቼ ያምናሉ አንቺዬ? ያንቺን ስም ሲያዩ አይመረምሩም።»

አባቷ የሞቱ ጊዜም ቀስ ብሎ ነበር የነገራት። «አባትሽን ትንሽ አሟቸው ነው» ብሎ ከቡሬ ይዟት ተነሣ፤ መንገዱን ሙሉ እያጫወተ አሳቃት። ደጃቸው ላይ የተተከለውን ድንኳን ስታይ ሳቁ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ አየው። በሦስተኛው ቀን እጁን ይዛ አስማለችው፤ ከእንግዲህ ክፉም ይሁን ደግ፣ በደረሰበት ሰዓት ሊነግራት። ማርያምን ብሎ ማለ።

መስመሮቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸውና እንደገና ትዕዛዝ ሰጠች።

ደቂቃዎች አለፉ። የመጀመሪያው ቴስት ቀላ። ሰርቨሩ በሩን ለማንም አላፊ አግዳሚ ክፍት አድርጎ ይቆማል ይላል። ኮዱን የጻፈው ማን እንደሆነ አየች። እሷው ናት፣ በሐዘኑ ሰሞን።

«አየሽ?» አለ ወንዳወቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንቺ ስለሆነ ነው የደበቅሁት።»

የባሰው ይኸው ነበር። ፋይሉን ባትከፍተው ኖሮ አሁንም እንደዚያ የድንኳኑ ቀን፣ ዳቦውን እየገመጠች ከእሱ ጋር ትስቅ ነበር።

ለደንበኞቹ መጻፍ ጀመረች። «ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ብላ ቆመች። ያንን ደለዘችው። «ሥራ አታስጀምሩት። ቴስቶቹ አልተካሄዱም። በኔ ፓስዎርድ ገብቶ ያለፉ ያስመሰላቸው ወንዳወቅ ነው። የተሳሳተውን ኮድ የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ።»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። «አንብበው።»

አነበበ። «ኧረ በማርያም! ውሉን ያፈርሱታል። ሁለታችንም ሜዳ ላይ ነን። እስከ ነገ እንኳ…»

«ከጀርባህ እንዳልልከው ብዬ ነው ያሳየሁህ እንጂ ፈቃድ አልጠየቅሁህም።»

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ላከችው።

ሁለተኛው ቴስት ቀላ። ወንዳወቅ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ቀብር አምልጦት ዘግይቶ እንደ መጣ ለቀስተኛ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እሷም ተነሥ አላለችውም።