ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወዳደሩት ሁለት ካርዶች

"ኦቦ ጉርሙ... አዲሱ ይበልጣል አልኩዎት እኮ! ስንቴ ልንገርዎት?"

ተሬፋ እንዲህ ሲጮህ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ደንበኞች ዞር ብለው አዩ።

ሽማግሌው አልተቆጡም።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ሁለት ግራፊክስ ካርዶች አነሱ... በጨርቅ ጠቀለሏቸው... ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷቸው።

"ልክ ነህ። አስቸገርኩህ።" ብለው ወጡ።

ይህ የሆነው አምቦ ነው፤ በ2005 ክረምት። የነገረኝም ራሱ ተሬፋ ነው።

ተሬፋ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ይጠግናል።

ኦቦ ጉርሙ ደግሞ ጌዶ ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባየሽ ከሞቱ ወዲህ አምቦ ብቻቸውን ይኖራሉ።

አራት ወር ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ።

"አካም ቡልቴ፣ ተሬፋ? እስቲ እነዚህን አወዳድርልኝ።"

አንዱ ካርድ አሮጌ ነው፣ ማራገቢያው የሚንጫጫ። ሌላው አዲስ፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠለት።

ለማታውቁ... ግራፊክስ ካርድ ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ተገጥሞ ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ዕቃ ነው።

ሁለቱን ለማወዳደር አሮጌውን ትገጥማለህ፣ ድራይቨር የሚባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ትጭናለህ፣ መፈተሻውን ታስኬዳለህ... ከዚያ አጥፍተህ ትነቅላለህ፣ አዲሱን ገጥመህ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለህ።

ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ውጤቱ ሁሌም ያው ነው። አሮጌው በሰከንድ አሥራ ሰባት ምስል ብቻ ስለሚያወጣ ስክሪኑ ይንቀረፈፋል። አዲሱ ስልሳ አንድ ያወጣል፤ ውኃ ነው።

ኦቦ ጉርሙ ግን በየሳምንቱ አንድ ሰበብ አያጡም።

"ባለፈው ሞቃት ነበር። ዛሬ ብርድ ነው፤ ለአሮጌው ይስማማው ይሆናል።"

"ድራይቨሩ የቆየ እንዳይሆን... አዲስ ጭነህ ብታየው?"

እስከዚያው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ስለ ተማሪዎቻቸው ያወራሉ። የዓባይ ገባሮችን አንድ በአንድ በቃሉ ስለዘረዘረላቸው አንድ ተማሪ ያወራሉ። ተሬፋ አንገቱን ሳያቀና "እህ... እህ..." ይላል።

መብራት ሲጠፋ ተሬፋ ይራገማል። እሳቸው ግን ፊታቸው ይፈካል።

"ችግር የለም... እጠብቃለሁ።"

እንግዲህ ያን ቀን ተሬፋ ሥራ በዝቶበት ነበር። ጮኸባቸው። ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ተሬፋም እውነቱን ለመናገር ልብ አላለም።

በሁለተኛው ቅዳሜም አልመጡም። ያን ጊዜ ባዶውን ወንበራቸውን አየና ደነገጠ።

ሰው ጠይቆ፣ በባጃጅ ሁሉቃ ወንዝ ድረስ ወርዶ ቤታቸውን አገኘው።

ኦቦ ጉርሙ ጉንፋን ይዟቸው ጋቢ ደርበው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሊነሱለት ሲታገሉ ከለከላቸው። ይቅርታ ጠየቃቸው።

ከዚያ ቤቱን ቃኘ... አንድ አልጋ። አንድ ወንበር። ሬዲዮ። የመጻሕፍት መደርደሪያ።

"ኦቦ ጉርሙ... ኮምፒውተሩ የታለ?"



"ኮምፒውተር የለኝም፣ ልጄ... ኢልማ ኮ።"

"እንዴት ማለት?"

"ልጄ ፊራኦል አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ ይዞት ሄደ። አራት ዓመቱ። ቀድሞ የቀየረው አሮጌ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር።"

"አዲሱስ?"

"ላክልኝ አልኩት። በመኪና ላከልኝ... ምን ላይ እንደምገጥመው አልጠየቀኝም።"

"ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ቅዳሜ...?"

ኦቦ ጉርሙ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

"መጀመሪያ ሬዲዮዬን ይዤልህ መጥቼ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? በአምስት ደቂቃ ሠርተህ ሰጠኸኝ። ምን ልበል? አመስግኜ ወጣሁ። ያኔ ለአንድ ደንበኛ ስትነግረው ሰምቼ ነበር... 'ሁለት ካርድ ማወዳደር ሁለት ሰዓት ይፈጃል' ስትል።"



"እና... እንዲሁ መጥተው ቢቀመጡስ? ማን ይከለክልዎታል?"

"አይሆንም። ያለ ጉዳይ ሰው ሥራ ቦታ መጎለት ያሳፍራል።"

ተሬፋ ሲወጣ ካርዱ የመጣበት ካርቶን ላይ የላኪው ስልክ ተጽፎ አየ። መንገድ ላይ ቆሞ ደወለ።

"ፊራኦል? ከአምቦ ነው። ስለ አባትህ ነበር..."

"ምነው፣ ካርዱ አልሠራም እንዴ? ችግር የለውም፣ ከሱ የተሻለ ወጥቷል። ሰኞ እልክላቸዋለሁ!"

"ካርዱ ይሠራል። አባትህ ግን ኮምፒውተር የላቸውም።"



"ስብሰባ ላይ ነኝ... መልሼ ልደውልልህ?"

አልደወለም።

ማክሰኞ ግን በመጀመሪያው አውቶቡስ ከፊራኦል ካርድ መጣ። ከሁለቱም የሚበልጥ፣ አዲስ፣ በካርቶን የታሸገ።

ተሬፋ ከመናኸሪያው ተቀብሎ ቤታቸው ወሰደላቸው፤ ለፊራኦል ደውሎ እንደነበርም ነገራቸው።

ኦቦ ጉርሙ ካርዱን አውጥተው አልጋው ላይ አኖሩት... ከዚያ ካርቶኑን ገልብጠው አራገፉት። ውስጡን በእጃቸው ዳበሱ። ወረቀት ፈልገው ነበር።

ምንም የለም።

"እመጣለሁ... አላለህም?"

ተሬፋ ወንበሩን ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም።

ወገኖቼ... ወላጆቻችን ዕቃ ላኩልን ሲሉን ሁልጊዜ ዕቃው ጎድሏቸው አይደለም። አንዳንዴ ሰው ናፍቋቸው፣ ናፈቃችሁኝ ማለት ከብዷቸው ነው። እኛ ደግሞ የተሻለውን መርጠን እንልክና ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። ከአዲስ አበባ አምቦ ሦስት ሰዓት አይሞላም።

እስቲ በኮሜንት ንገሩኝ...

አባታችሁ ወይም እናታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቋችሁ ዕቃ ምን ነበር? ለምን እንደፈለጉትስ ጠይቃችኋቸዋል?