ቅጂዋ አምናለች

በዚያ ዘመን ከሥራ የሚሰናበት ሠራተኛ አስቀድሞ ቃሉን ይጠየቅ ነበር፤ መልስ የሚሰጠው ግን ፋብሪካው ከድምፁና ከጠባዩ የሠራው የኮምፒውተር ቅጂው ነው።

የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ዘይነባ ችሎት ፊት ቆመች። "ክቡር ዳኛ፣ ያላጠፋሁትን ነው ያባረሩኝ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።"

"ቅጂዎ ግን ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብላለች።"

"አለቃችን ሲቆጣ፣ እንዲያልፈን 'ጥፋቴ ነው' እንለዋለን። ይህንኑ ሰምታ ነው።"

"እንግዲያው የሰማችው ከእርስዎ ነው" አሉና ዳኛው መዝገቡን ዘጉ።

ቤት ስትገባ ልጇ ፈትያ በስልክ ታወራለች። በሥራ ሰዓት ለቤተሰብ ስልክ የምትመልሰውም ያቺው ቅጂ ነበረች።

"ዝጊው፣ መጥቻለሁ።"

"ቆይ እማ" አለች ፈትያ ፊቷን ሳታዞር፤ "አንድ ነገር እየነገርኳት ነው። እሷ እኮ አይደክማትም።"