ቀድሞ የመለሰ

መምህሩ የማታ ተማሪዎቹን ለፈተና ሲያዘጋጅ ሕጉ አንድ ነበር፤ ዴስክ የሚጋሩት ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ቀድሞ የመለሰ ሌላውን በጥፊ ያጮላል። «ጥፊ ያልቀመሰ ሰው ዘይቤ አይገባውም» ባይ ነው።

አስካለ ከባሏ ከደምሰው ትይዩ ቆመች።

«ግነት ምንድን ነው?»

አቀረቀረች።

«ነገርን ከልኩ በላይ አግዝፎ መናገር!» አለ ደምሰው። ጥፊው ጮኸ። ምጸት ተጠየቀ፤ አሁንም መቺው ደምሰው ሆነ። ሰውኛ ላይ ሲደርሱ ከንፈሯ ተሰነጠቀና ደሙ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጠበ። ክፍሉ አውካካ።

«ድንጋይ ራስ!» አላት መምህሩ።

በእረፍት ሰዓት መምህሩ ከክፍሉ ጀርባ የሴት ድምፅ ሰማ። አስካለ የደማ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ለሁለት ጓደኞቿ ግነትን፣ ምጸትን፣ ሰውኛን ከነምሳሌያቸው ታስረዳለች፤ እሱ ካስተማረው አሳምራ።

መምህሩ ደሙ ፈላ። ሄዶ ክንዷን ጨመደደው።

«እያወቅሽው ነው ጥፊ የምትቀምሺው? ትቀልጂብኛለሽ?»

አስካለ ዞር ዞር ብላ አየች። ደምሰው በአካባቢው አልነበረም።

«እዚህ እሱ ሲመታኝ ጥፊ ብቻ ነው፣ መምህር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ከመታሁት ግን፣ አብረን ነው ቤት የምንገባው።»