ከቆጣሪው ቀጥሎ

ሚጡ በሩን አንኳኩታ "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ" ብላ ጨርሳለች። የመብራት ሠራተኛው ከውጭ ወደ ቤቱ የሚገባውን የብረት ቱቦ በኮረንቲ መፈተሻ ቴስተሩ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ቴስተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ቦግ ትላለች። ሰውየው እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።

"እህቴ፣ ይሄ ቱቦ ቤት ውስጥ ከምን ጋር ነው የሚገናኘው?"

"ከቆጣሪው። ከቆርቆሮው ሳጥን ጋር።"

"ሳጥኑን ማንም እንዳይነካው። ቱቦው ኮረንቲ ይዟል፤ እሱ ከያዘ ሳጥኑም ይዟል።"

ሚጡ ክው ትላለች። የእናቷ ዓይን ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ከበሩ አጠገብ ያለውን ያንን ሳጥን እየነካች በር እንድትከፍት ያስተማረቻት ደግሞ ዛሬ ጠዋት ራሷ ሚጡ ናት።

ቤቱ እየታደሰ ነው። ቁም ሳጥኑ፣ አግዳሚው፣ የጫማ መደርደሪያው፣ እናቷ እየዳሰሰች በር ድረስ የምትደርስባቸው ዕቃዎች ሁሉ ከኮሪደሩ ወጥተው ጓሮ ተከምረዋል። "በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረግሽኝ" ብላ እናቷ አኩርፋ ነበር። ስለዚህ ሚጡ እጇን ይዛ ግድግዳውን አስዳሰሰቻት። "ግድግዳውን ተከተይ። ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ስታገኚ መዳፍሽን ጣል አድርጊበት፤ መቀርቀሪያው ከሱ ቀጥሎ ነው።" ደጋግመው ተለማመዱት። በመጨረሻ እናት ራሷ እየሳቀች ሳጥኑን እንደ ልጅ ጀርባ ቸብ ቸብ አደረገችው። ያኔ ግድግዳው ደረቅ ነበር። ልስን የሚሠሩት ሰዎች ግድግዳውንም ወለሉንም ውሃ በውሃ አድርገው ምሳ የወጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቆጣሪው ምልክት መስጠቱንስ ሰጥቶ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው መብራት ሁሉ ጠፍቶ እንኳ በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ክብ ብረት ቀስ እያለች ትዞራለች። "እኛ ስንተኛ እሱ ይሠራል፤ እንዲህ ያለ ትጉ ከየት ይገኛል" እያሉ ሲቀልዱበት ከርመዋል። ሠራተኛውን ያመጣችውም ለዚሁ ነው። ለካ ክቧን ብረት የሚያዞራት የሚያመልጠው ኮረንቲ ኖሯል።

በበሩ የላይኛው መስታወት ወደ ውስጥ ታያለች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እናቷ ብቅ ብላለች። ባዶ እግሯን ናት፤ ጫማዋ በሲሚንቶ እንዳይበላሽ አውልቃዋለች። ቀኝ እጇ ግድግዳው ላይ ነው።

"እማዬ፣ ቁሚ! እንዳትነኪው!"

"መጣሁ፣ መጣሁ" ትላለች እናት፤ ትፈጥናለች። ጆሮዋም ከደከመ ቆይቷል። በዚህ ወፍራም በር ውስጥ ድምፁ እንጂ ቃሉ አይደርሳትም፤ የልጇ ድምፅ ደግሞ ለእሷ ምንጊዜም ጥሪ ነው። "ምነው፣ ምን ያስቸኩልሻል? ይኸው እየመጣሁ ነው።"

"ማጥፊያው የት ነው?" ይላል ሠራተኛው።

"እዚያው ሳጥን ውስጥ።"

ሰውየው በሩን በትከሻው ይመታዋል። በሩ አይነቃነቅም። እናት ግን እርምጃዋን ትጨምራለች። ሚጡ ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ ትጎትተዋለች።

"ተው፣ አትምታ! አንተ ስትመታ ነው የምትፈጥነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

ዝም ቢሉ እናት መንገዱን ታውቀዋለች፤ ትመጣለች። ቢጠሯት ቶሎ ትመጣለች። ሚጡ እንደ ዛሬ ፈርታ አታውቅም። እናቷ የምትመጣው ወደ ድምፅዋ ነው። ድምፅዋ ሌላ ቦታ ቢሆንስ?

"ትንፍሽ እንዳትል" ትለውና ትሮጣለች።

ለበሩ ጀርባ መስጠት እንዲህ ይከብዳል ብላ አስባ አታውቅም። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አታይም። የአሸዋው ቁልል ላይ አዳልጧት በጉልበቷ ትወድቃለች፤ ትነሳለች። ጓሮ የተከመረው ዕቃ መንገዱን ዘግቶታል፤ በቁም ሳጥኑና በአጥሩ መካከል በጎኗ ትሾልካለች። ጆሮዋ አንድ ጩኸት እየጠበቀ ነው፤ ወይም የሰው መውደቅ። አምላኬ፣ እኔው አስተምሬ እኔው እንዳልገድላት።

የእናቷ መኝታ ቤት መስኮት ለቀለም ተብሎ መስታወቱ ወጥቷል፤ የቀረው የብረት ፍርግርግ ብቻ ነው። ፍርግርጉን ጨብጣ አፏን ትከፍታለች። ከዚያ በልጅነቷ ጨለማ ሲያስፈራት የምትጣራው ጥሪ፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት መሆኗን ረስቶ ይወጣል።

"እማ! እዚህ ነኝ! እዚህ ነይልኝ!"

ከቤቱ ምንም አይሰማም።

እንደገና ትጣራለች። አሁንም ምንም የለም። ግንባሯን ብረቱ ላይ ታስደግፋለች።

ከዚያ እርጥብ ወለል የሚረግጥ ባዶ እግር ይሰማል። ቀስ እያለ ይቀርባል።

"ሚጡ፣ ምን ነክቶሻል ዛሬ?" እናት በመኝታ ቤቱ በር ትገባለች። "አንዴ በፊት በር፣ አንዴ በጓሮ። ቆርቆሮው ጋ ልደርስ ስል መለስሽኝ።"

"ይቅርታ እማዬ።"

"ታለቅሻለሽ እንዴ?"

"አይ።"

እናት ድምፁን ተከትላ መጥታ እጇን በፍርግርጉ ታሾልካለች። ሚጡ በሁለት እጇ አፈፍ ታደርገዋለች። እጁ እስከ አንጓው ድረስ ርሷል፤ በጣቶቹ መካከል የሳሙና አረፋ አለ።

"እጄን እየታጠብኩ ሳለ ነው እኮ ያንኳኳሽው" ትላለች እናት። "አትታገሺኝም ብዬ ሳላደርቀው ወጣሁ።"

ሚጡ እጁን አትለቀውም። ውሃው በክንዷ ይወርድና ከክርኗ ላይ ይንጠባጠባል።