የማሕደር ጥላ

ማሕደር የሟች ባሏን ባለ ሦስት አውታረ መጠን (3D) ምስል ስታሠራ ባለሙያው፣ «ጥላውን ማሽን አይሠራውም፤ ከሕያው ሰው ነው የምንወስደው» አላት። የራሷን ሰጠች። ለማንም አልተናገረችም። አሁን ባሏ ሳሎን ውስጥ፣ በትልቅ ስክሪን ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል፤ እግሩ ሥር ጥላው ተዘርግቷል። ያየው ሁሉ «ነፍስ ዘራ» ይላል።

ጠዋት በረንዳው ላይ ሕፃን ልጇን ቅባት ቀብታ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል።

«ፀሐዩን ከፊቱ ላይ ጋርጂለት እንጂ» አሉ እናቷ ከበሩ።

«ጋርጄለታለሁ እኮ፣ እማዬ።»

እናቷ ቀረብ ብለው አዩ። ማሕደር ልጁ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ፀሐይዋ ግን በእሷ ውስጥ አልፋ ፊቱን ትለበልበዋለች።

ደንግጠው ወደ ሳሎን ዞሩ። ባሏ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጥላው ግን አጎንብሶ፣ ባዶውን ወለል ይጋርዳል።