የበረደ ይውጣ

ትኩሳት የበረደለት ሁሉ ዳነ ያለህ ማን ነው? እኔ ከሆንኩ አትመነኝ።

ረፋድ ነው። ዋርዱ በደንጊ ትኩሳት በሽተኞች ተጨናንቋል፤ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ከፍራሽ ተያይዟል። ነርሷ ቴርሞሜትር ይዛ በአልጋዎቹ መሀል እየዞረች እንደ ታክሲ ረዳት ትጣራለች። “የበረደ ይውጣ፣ የጋለ ይግባ!”

አስታማሚው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ደንቡን ያወጣነው እኛው ሐኪሞቹ ነን፤ አልጋ ሲጠፋ ከመጨቃጨቅ ይሻላል ብለን።

አንዷ በሽተኛዬ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ትኩሳቱ ዛሬ ለቅቋታል። ከአልጋዋ አስነስቼ ወንበር ላይ አስቀምጫታለሁ። “ገደላችሁኝ!” እያለ ኮሪደሩን ሲያናውጥ የነበረው ሹፌር ቦታዋን ይዟል። አሁን የቀረኝ ከክንዷ የግሉኮሱን መርፌ መንቀል ነው።

“ዶክተር፣ ሆዴን ይቆርጠኛል” ትላለች በቀስታ። “ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ አደረ።”

“ባዶ ሆድ ሆነሽ ነው። ቤትሽ ግቢና ሾርባ ጠጪ።”

“እሰይ!” ይላሉ እናቷ ፎጣ እያጠፉ። “እሷ እንደሆነች ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሆዷ ቀልድ አታውቅም። ሆዴን ካለች ድናለች ማለት ነው። እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ፣ ክፉ አይንካህ።”

መርፌውን እነቅላለሁ። ጥጥ አደርጋለሁ፤ በደም ይቀላል። ሌላ እደርብበታለሁ፤ እሱም ይቀላል። እጇን እይዛለሁ። ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ትርታዋ እንደ ክር ቀጥኖ ከጣቴ ሥር ይሸሻል።

የደንጊ ክፉ ሰዓቱ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ፈሳሹ ከደም ሥር ሾልኮ የሚወጣው ያኔ ነው፤ ቁርጠት፣ ትውከት፣ አልቆም ያለ ደም ያያችሁበትን ሰው ከአልጋ እንዳታነሱ! ጠረጴዛ እየደበደብኩ ይህን ለተማሪ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሳያውቅ የሳተ ሰው ያሳዝናል። እያወቀ፣ ለጮኸው ብሎ ዝም ያለችውን ያስነሳ ሐኪም ምን ይባላል?

“ግሉኮስ አምጪ! አልጋዋ ላይ መልሷት!”

“የቱ አልጋ ላይ?” ትላለች ነርሷ። “ሹፌሩን አንተው አይደለህ ያስተኛኸው?”

ወለል ላይ አጋድመናት በሌላው ክንዷ መርፌ እሰካለሁ። የእናትየው ምርቃት አፋቸው ላይ ቀርቷል። የዋርዱ ኃላፊ መጥቶ ትከሻቸውን ይይዛል። “እናቴ፣ ቢሮ ገብተን እንነጋገር። እዚህ ሰው ይሰማል።”

“ቢሮ ይሻላል” እላለሁ እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ከክንዷ ላይ ቀና ሳልል።

እናትየው የኃላፊውን እጅ ከትከሻቸው አውርደው ወደ እኔ ይዞራሉ።

“ምን የሚያስደብቅ ነገር አለ? እዚሁ፣ ይኼ ሁሉ አስታማሚ እየሰማ ንገረኝ። ቀና በል እንጂ! ልጄ ድናለች ያልከው ምኗን አይተህ ነው?”