የዱባ ፍሬ

ጋሼ ይበልጣል፣ ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር፣ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የቀድሞ ተማሪያቸው አፀደ በማይክሮስኮፕ ያየችውን ትነግራቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ስሙን። ስላይዶቹ ላይ ያሉት፣ ተማሪዎቻቸው ከጭላሎ ተራራ ሥር ከሚወርድ ጅረት ድንጋይ ላይ የፋቋቸው ዳያተሞች ነበሩ። የእነዚህ ደቃቅ የውኃ አልጌዎች ቅርፊት እንደ መስታወት ስለሆነ በሠላሳ ዓመት አልበሰበሰም።

“ሁለቱም ጫፏ ሹል ነው፤ ግራና ቀኟ እኩል።”

“ናቪኩላ። ጻፊው።”

ሌላ ስላይድ አስገባች። “ይቺ አንዱ ጫፏ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። መሃሏ ላይ አንድ ነጥብ አለ።”

“ጎምፎኔማ። የሚነበብ ጽሑፍ አለው?”

በሌሎቹ ስላይዶች ላይ የተጻፈው ስም ቀለሙ ለቆ ነበር። ይሄኛው ግን በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ የተንጋደደው ፊደል የራሷ ነበር፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች የጻፈችው። ያን ቀን የላቲኑ ስም ጠፍቶባት የመሰላትን ጻፈች፤ ጋሼ ዜሮ ሰጧት፤ እስከ ቤቷ ድረስ እያለቀሰች ሄደች።

“‘የዱባ ፍሬ’ ይላል” አለች ቀስ ብላ።

ጋሼ አንዳች ነገር የያዙ ይመስል አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር አሻሹ።

“የሌሎቹን ስማቸውን ነው የነገርኩሽ” አሉ በመጨረሻ። “ይቺን ግን አየኋት።”